ለእኔ ሲል ያቃጠለው ትኬት

ኮሮና ሲይዘኝ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ከተመስገን ጋር የምንሠራባት ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተኛሁ። ተመስገን በኳስ ውርርድ ቲዘር የሚሉትን ይወዳል፤ ለመረጥካቸው ሦስት ቡድኖች ሁለት ሁለት ጎል አስቀድሞ ይጨመርላቸዋል፣ ግን አንዱ ብቻ ከከዳህ ትኬቱ በሙሉ ይቃጠላል። ስልቱ ደግሞ "የምትወደውን ቡድን አታስገባ፤ መሸነፉ አይታይህም" ነው። በእኔ ቡድንማ ሳይስቅ አያልፍም።

እህል አልቀምስ፣ ሲጠራኝም አልመልስ ብዬው ሰነበትኩ። አንድ ቀን ሻዩን በሩ ሥር አስቀመጠና "ያንተን ቡድን ትኬት ውስጥ ከትቼዋለሁ! ስልክህ ላይ እየው!" ብሎ ጮኸ። አበደ እንዴ ብዬ እያሳልኩ ከፈትኩት። ተመልካች በሌለበት ሜዳ ቡድኔ ሦስት ለባዶ ተሸነፈ፤ ጭማሪው ጎልም አላዳነውም። በረኛውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩት።

"ተሜ፣ ትኬትህን አቃጠልኩብህ አይደል?" አልኩት በበሩ በኩል።

"የራሱ ጉዳይ!" አለኝ። "ደንበኛ በዙሉ 'ሳውቦና' ብሎ ሰላም ሲለኝ እንኳ ጆሮዬ እዚህ በር ላይ ነበር። አንድ ቃል አጥቼ ሰንብቼ፣ ዛሬ ስትሳደብ ሰማሁህ።"