ስፒናው በእጄ ነበር

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሊሻን ሸዋንዳኝ
ዕድሜ፦ 63
አድራሻ፦ አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት
የትምህርት ደረጃ፦ አራተኛ ክፍል፤ ማንበብና መጻፍ ትችላለች
ጉዳዩ፦ በአቶ አሮን ዳልጮ ላይ የደረሰ የኤሌክትሪክ አደጋ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ጢሞቴዎስ

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት መምህር ዕዝራ ዮናስ በጓደኛው በአሮን ዳልጮ ላይ ሆን ብሎ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት ተብሎ መታሰሩን ስለሰማሁ ነው። አደጋው የደረሰው በመኖሪያ ቤቴ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲሠሩ እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አሮን ሆስፒታል ተኝቷል። እስካሁን ራሱን ስላላወቀ የሆነውን መናገር አይችልም።

አደጋውን ያደረሰው ማሽን የሟች ባለቤቴ የአቶ ጥዑመልሳን ገብረእግዚአብሔር ነው። ባለቤቴ በሕይወት ዘመኑ የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበር። ከሥራው ውጪ ደግሞ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ነበረው። ይህም በየአገሩ ያሉ ሰዎች በራሳቸው ሬዲዮ ከቤታቸው ሆነው እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው፤ ንግድ አይደለም። የሬዲዮው ድምፅ ሩቅ እንዲደርስ ኃይል የሚጨምርለትን አምፕሊፋየር ባለቤቴ ከየቦታው ዕቃ እየለቃቀመ በእጁ ሠራው። ቁመቱ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ውስጡ የውኃ ጆግ የሚያክሉ አምፖል የመሰሉ ሁለት የመስታወት ቫልቮች አሉ፤ ሲበራ እንደ ፍም ይቀላሉ። በውስጡ የሚዞረው ኤሌክትሪክ ከሦስት ሺህ ቮልት በላይ መሆኑን ባለቤቴ ነግሮኛል።

ባለቤቴ የማሽኑን ክዳን ለጥገና በሚከፍትበት ጊዜ ሁሉ የኤሌክትሪክ ገመዱን መሰኪያ፣ ስፒናውን፣ ከግድግዳው ነቅሎ በእጄ ያስይዘኝ ነበር። እኔ ይዤው እያለሁ ማንም ተሳስቶ ሊሰካው አይችልም። «ሊሻን፣ ነፍሴ እጅሽ ላይ ናት» ይለኝ ነበር እየሳቀ። ሥራውን ጨርሶ ክዳኑን እስኪገጥም ድረስ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። ይህ ለብዙ ዓመት የቤታችን ደንብ ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ቆየ። ዕዝራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። አምና እሱም የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ካወጣ በኋላ ወደ ቤቴ መጥቶ «እትዬ፣ የጋሼ ማሽን ዝም ብሎ ከሚቀር ነፍስ እንዝራበት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ። አሮንን ይዞት የመጣው እሱ ነው። አሮን ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ሞባይልና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ የቤተ ክርስቲያናቸውን ድምፅ ማጉያም የሚያስተካክለው እሱ ነው። ሁለቱ በአንድ መዘምራን ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይሠሩ ነበር። መጀመሪያ የመጡ ዕለት በዚህ ቤት ክዳን የሚከፈተው ስፒናው እኔ እጅ ሲገባ ብቻ መሆኑን ነገርኳቸው። አሮን «እትዬ ከሌሉስ?» አለኝ። «ክዳኑም አይከፈትም» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ደንቡን አንድም ቀን አላፈረሱም።

ቅዳሜ ግንቦት 10 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ማሽኑ በርቶ እያለ የተቃጠለ ቀለም የመሰለ ሽታ መጣ። ዕዝራ «አጥፋው! አጥፋው!» አለ። አሮን አጠፋው፤ ስፒናውንም ነቅሎ «እትዬ፣ ሥልጣንዎን ይረከቡ» ብሎ በእጄ አስያዘኝ። በማሽኑ ፊት ላይ ኃይሉን የሚያሳየው መርፌ ዜሮ ላይ ነበር። አሮን ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ መፍታት ጀመረ። ዕዝራ ግን ቆይ አለው። ስፒናው ቢነቀልም ማሽኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች እንዳሉና ሳይራገፉ ሊነኩ እንደማይገባ ተናገረ። ወደ እኔም ዞሮ፣ «እትዬ፣ ጋሼ ክዳን ሲከፍቱ ጫፉ ላይ የብረት ቆልማማ ያለው፣ ሽቦ የተያያዘበት የእንጨት ዘንግ አልነበራቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም «የለም፣ ስፒናውን ብቻ ነበር የሚያስይዘኝ» አልኩት።

ዕዝራ «እንግዲያው እኔ አንድ ልሥራ፤ እስከዚያ እጅህን እንዳታስገባ» አለውና ወደ መስኮቱ ሄዶ ሽቦ በፒንሳ መቁረጥ ጀመረ። አሮን ክዳኑን አንሥቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «መርፌው ዜሮ ነው፣ ስፒናው እትዬ እጅ ነው፤ ሌላ ምን ቀረህ? መምህር፣ አንተ እንደፈራህ ጡረታ ትወጣለህ» አለው። ዕዝራም ጮክ ብሎ «እሺ፣ እጅህን ይዘህ ግባ! ይዘኸው መውጣትህን ግን እንጃ!» አለው። ጎረቤቴ አቶ ካሱ በአጥር በኩል ሰማሁት ያሉት ዛቻ ይህ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ እንዲህ ይተራረባሉ። አሮን ሲስቅ አይቻለሁ።

ወዲያው አሮን የተቃጠለውን ዕቃ ለማየት እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። አሮን ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ በሲሚንቶው ወለል ላይ በጭንቅላቱ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ዕዝራ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ወዳለው የኤሌክትሪክ ማጥፊያ፣ ወደ ብሬከሩ፣ አድርጎ መስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር፤ አንዱ እጁ ሽቦ፣ ሌላው ፒንሳ ይዞ ነበር። ሁለቱንም ጥሎ ዘሎ ብሬከሩን ወደ ታች መታው። ስፒናው ተነቅሎ ስለነበር ብሬከሩን ማጥፋቱ ምንም አይጠቅምም ነበር፤ ደንግጦ ያደረገው ነው። አቶ ካሱ ድምፁን ሰምተው እየሮጡ የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ያዩትም የዕዝራን እጅ ብሬከሩ ላይ፣ አሮንን ደግሞ መሬት ላይ ነው። «ገደልከው! ገደልከው!» ብለው ጮኹ። አቶ ካሱ ያዩትን ነው የተናገሩት፤ ዋሹ አልልም። ወደ እኔ ግን አልተመለከቱም። ስፒናው በእጄ ነበር። ዕዝራ አሮንን ከአቶ ካሱ ጋር ወደ ባጃጅ ተሸክሞ ሊያወጣው ሲል «እትዬ፣ አሁን ይልቀቁት» እስኪለኝ ድረስ አልለቀቅኩትም።

ዋና ሳጅን ጢሞቴዎስ ለአፍታም ቢሆን ዓይኔን ከሁለቱ ላይ እንዳላነሣሁ እንዴት እርግጠኛ ልሆን እንደቻልኩ ጠይቆኝ እንደሚከተለው መልሻለሁ። በባለቤቴ ጊዜ ስፒናውን በአንድ እጄ፣ መጽሐፍ በሌላው እይዝ ነበር። በትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ማንበብ የለመድኩት በዚያ ወንበር ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. አንድ ቀን ባለቤቴ ከማሽኑ ጀርባ ሆኖ ሲሠራ ድምፁ ጠፋ። ሥራው ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ ላይ ደርሷል ብዬ የጀመርኩትን ምዕራፍ ጨረስኩ። ቀና ስል ግድግዳውን ተደግፎ እንደተቀመጠ ሞቶ አገኘሁት። ሐኪሙ ልቡ ነው፣ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ቶሎ ብታዪውም አይተርፍም ነበር ብሎኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስፒና ይዤ አንድ ገጽ አንብቤ አላውቅም። ቅዳሜ ዕለትም የማየው ሁለቱን ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሆስፒታል ሄጄ የአሮንን አባት አቶ ዳልጮን አገኘኋቸው። ሌሊቱን ከጨንቻ ወርደው በራፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። የሰፈሩ ሰዎች ዕዝራን ሲረግሙ እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሡ። ወደ እኔ ቀረብ ብለው «እትዬ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉ። ልጄን የመታው ሰው ነው ወይስ ዕቃው?» አሉኝ። «ሰው አልመታውም» አልኳቸው። «ታዲያ ዕቃው ከተነቀለ በምን መታው?» አሉኝ። ዕዝራ በመንገድ ላይ የነገረኝ ገና በደንብ ስላልገባኝ «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ለእሳቸው ማንጎ ላወርድ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ማንጎ የማወርድበት ረጅም ዘንግ አለኝ፤ ጫፉ ላይ የነሐስ ቆልማማ አለው። ቀንበጡን ይዤ ስስብ ቆልማማውን ቀና ብዬ አየሁት። እንጨቱ ተልጎ ቀለም የተቀባ ነው። ከሥሩ ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን አለው። ባለቤቴ በሚሠራው ዕቃ ሁሉ ላይ በጋለ ብረት የሚጽፈው «ጥ» የምትል ፊደልም አለችበት።

ባለቤቴ በሞተ ዕለት ሬሳውን ያነሡት ሰዎች በክፍሉ ውስጥ መተላለፊያ የዘጋውን ዕቃ ሁሉ ወደ ጓሮ አውጥተው ነበር። ዘንጉን ያገኘሁት ከወራት በኋላ በማንጎው ሥር ነው። ለማንጎ የተሠራ መሰለኝ። ከሥሩ የተንጠለጠለው ሽቦ ስላስቸገረኝ ፈትቼ የአጥሩን በር አሰርኩበት። አሁን ሳስታውስ ባለቤቴ ስፒናውን ካስያዘኝ በኋላ ሁልጊዜ ከማሽኑ ውስጥ አንድ «ጠቅ» የሚል ድምፅ እሰማ ነበር። የመሣሪያ ሣጥኑን የሚከፍት ይመስለኝ ነበር። ለካ ካፓሲተሮቹን ለማራገፍ ዘንጉን ማንጠልጠሉ ነበር። ለልጆቹ ያስተማርኳቸው የደንቡን ግማሽ ነው፤ በእጄ የያዝኩትን ግማሽ ብቻ።

ስለ ማሽኑ ውስጥ የማውቀው ዕዝራ አሮንን ወደ ሆስፒታል ስናደርስ በባጃጅ ውስጥ እያለቀሰ የነገረኝን ያህል ነው። የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ቀስ በቀስ የሚያራግፍ ሬዚስተር አለ፤ የሸተተን እሱ ሳይቃጠል አይቀርም፤ መርፌውም የሚያነበው በእሱ በኩል ስለሆነ ካፓሲተሮቹ ሞልተው እያሉ ዜሮ አሳየ ብሎኛል። ይህን ባለሙያ እንዲያረጋግጥ እጠይቃለሁ። እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን ዕዝራ ብሬከሩን የነካው አሮን ከወደቀ በኋላ መሆኑን፣ ስፒናውም ከግድግዳው ተነቅሎ በእጄ እንደነበረ ነው። ዕዝራ ዘንጉን ጠይቆኛል። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

ማሽኑ ክዳኑ እንደተከፈተ እሑድ ዕለት ወደዚህ ጣቢያ መጥቶ በኤግዚቢት ክፍል መቀመጡን ሰምቻለሁ። አሁን ኤሌክትሪክ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። የአጥሩን በር ፈትቼ ሽቦውን በዘንጉ ሥር መልሼ አስሬ አምጥቻለሁ። ዘንጉን ለዋና ሳጅን ጢሞቴዎስ አስረክቤያለሁ። ባለሙያው የሽቦውን ጫፍ ከማሽኑ ብረት ጋር አገናኝቶ በቆልማማው ካፓሲተሮቹን ሳያራግፍ ማንም እጁን እንዳያስገባ ይህ ማሳሰቢያ ከቃሌ ጋር እንዲመዘገብልኝ ጠይቄያለሁ። ከዚህ ወጥቼ ለአቶ ዳልጮ ጥያቄያቸውን እመልሳለሁ።

ቃሌ ከተጻፈ በኋላ ዋና ሳጅኑ ሊያነብልኝ ሲል ማንበብ እንደምችል ነግሬው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ አንብቤዋለሁ። «ምስክሯ ዘንጉ መኖሩን ስለማታውቅ የለም ብላለች» ተብሎ የተጻፈውን ሰርዤ፣ በእጅ ጽሑፌ «ዘንጉ በፊቴ ይንጠለጠል ነበር፤ እኔ ከመጽሐፌ ቀና ብዬ አላየሁትም» ብዬ አስተካክያለሁ። በስርዙ ላይ እኔና ቃሌን የተቀበለው ፖሊስ ፈርመንበታል። የቀረው ሁሉ እንደተናገርኩት ነው። እውነት መሆኑን በዚህ ፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሊሻን ሸዋንዳኝ
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ጢሞቴዎስ
አብሮ የተያዘ ኤግዚቢት፦ የነሐስ ቆልማማ ያለው የእንጨት ዘንግ ከነሽቦው፣ አንድ