ሬሳውን ዞሮ ያለፈው ገዳይ

ደሴ፣ እሑድ ከሰዓት፤ «ደም ያለበት ቁልፍ» የተባለው የወንጀል ፊልም ለሁለተኛ ቀን እየታየ፣ ዳይሬክተሩ ምንተስኖትና የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች፣ በትንሽ መስኮት አዳራሹን ቁልቁል በሚያሳይ ቢሮ ውስጥ።

ምንተስኖት፦ በፈጠረዎት፣ እትዬ አሰገደች! ቆጣሪውን ያጥፉትና መብራት ጠፋ ይበሏቸው!

አሰገደች፦ ሌላ ጊዜ በራሱ እየጠፋ ያስለቅሰኛል፤ ዛሬ እግዜር ሲምረኝ በገዛ እጄ ላጥፋው? ምን ነካህ አንተ?

ምንተስኖት፦ አባዬ ገብቷል።

አሰገደች፦ የት?

ምንተስኖት፦ አዳራሹ ውስጥ! ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥጉ ላይ። ትናንት ለቅሶ ነበረበትና ቀረ። ዛሬም ይቀራል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ የዕድር ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ።

አሰገደች፦ ታዲያ ምን አለበት? ገዳዩ እሳቸው አይደሉ እንዴ? ሰው የራሱን ፊልም ቢያይ ወንጀል ነው?

ምንተስኖት፦ ሲስቁበት አይሰሙም?

አሰገደች፦ እሰማለሁ እንጂ! ይሄን ቤት ከከፈትኩ እንዲህ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ምንተስኖት፦ እኔ እኮ የሠራሁት የሚያስፈራ ፊልም ነው!

አሰገደች፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። የፈራ ሰው ካየህ ጥራኝ።

ምንተስኖት፦ ትናንት በር ላይ ጓደኞቼ ለማስታወቂያ የተመልካች አስተያየት ሲቀርጹ ሁሉም «በጣም አሪፍ ነው፤ ሁሉም ሰው መጥቶ ቢያየው» አይደል ያለው?

አሰገደች፦ የኔ ልጅ፣ አፉ ላይ ማይክ የተደቀነበት ሰው ምን ይበልህ? እውነተኛ አስተያየት የፈለገ ሽንት ቤት ሰልፍ ላይ ይቁም። እኔ ቆሜያለሁ።

ምንተስኖት፦ ምን አሉ?

አሰገደች፦ ይቅርብህ።

ምንተስኖት፦ ይንገሩኝ!

አሰገደች፦ አንዱ «ደሙ ላይ ሽንኩርት አየሁ» አለ።

ምንተስኖት፦ ቀለሙ አልቆብን ድልህ በጥብጠን ነው።

አሰገደች፦ አንዷ ደግሞ «ከሁሉም የተዋጣለት ሟቹ ነው፤ ሞቶም ሁለቴ አስነጠሰ» አለች።

ምንተስኖት፦ ክፍሉ አቧራ ነበር!

አሰገደች፦ «ፖሊሱ በባጃጅ እያሳደደ፣ በእግራቸው የሚሄዱ ሽማግሌ ላይ እንዴት አይደርስም?» ያለም አለ።

ምንተስኖት፦ ባጃጁ ነዳጅ ጨርሶ ነበር። ከኋላ እየገፋነው ነው የቀረጽነው።

አሰገደች፦ እሱንማ አይተውታል። እጅህ ይታያል፤ ሰዓትህ ሳይቀር።

ምንተስኖት፦ ስለ አባዬስ ምን አሉ?

አሰገደች፦ ስለሳቸውማ መጨረስም አልቻሉ፤ እየጀመሩ በሳቅ ይቋረጣሉ። ሰው ሊገድሉ ሄደው በር ላይ ቆመው «ቤቶች!» ብለው ይጣራሉ እንዴ?

ምንተስኖት፦ «ሰው ቤት ሳልጣራ አልገባም» አለኛ!

አሰገደች፦ ገብተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ልጅቷን ሲያንቁ «ይቅርታ የኔ ልጅ» አሏት። አንዱ «እኚህ ሰውዬ ለሽምግልና ተልከው ቤት ተሳስተው ነው» ሲል ሰልፉ በሙሉ ግድግዳ ተደገፈ።

ምንተስኖት፦ ርዕሰ መምህር ነበር እኮ! የዚህ ከተማ ግማሹ በእሱ እጅ ተቆንጥጦ ነው ያደገው። እርስዎስ እሱ ጋ አልተማሩም?

አሰገደች፦ ተምሬያለሁ እንጂ። «ድምፅሽ የቁራ ነው» ብለው ከመዝሙር ያስወጡኝ ማን ሆኑና?

ምንተስኖት፦ ታዲያ ይሄ ቂም ነዋ!

አሰገደች፦ ቂምማ ቢሆን በነጻ አሳይልህ ነበር። ለመሆኑ እንዲህ ያሉትን ጨዋ ሰው ነፍሰ ገዳይ አድርግ ብሎ የመከረህ ማነው?

ምንተስኖት፦ ዋናው ተዋናይ ቀረጻ ልንጀምር ስንል ጥሎን ጠፋ። ቢቸግር ጤፍ ብድር ሆነና አባዬ እግር ላይ ወደቅሁ። «በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ እንዳታደርገኝ» አለኝ። የእናቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ ብዬ ማልኩለት።

አሰገደች፦ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ምንተስኖት፦ ስድቡን በኋላ ያድርሱልኝ! አሁን ሬሳው ጋ ሊደርስ ነው!

አሰገደች፦ የቱ ሬሳ? ያስነጠሰው?

ምንተስኖት፦ አይ፣ ኮሪደሩ ላይ የወደቀው ዘበኛ። ፖሊስ እየተከተለው ነው፤ ሬሳውን ዘሎ ማምለጥ ነበረበት። «የተኛ ሰው አልሻገርም፣ ነውር ነው» አለ። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ሬሳ ነው» ስለው «ሬሳማ ከሆነ ይብሳል» አለኝ።

አሰገደች፦ ኧረ እኔን! እና ግድግዳውን ታከው በቀስታ የዞሩት ለዚህ ነው?

ምንተስኖት፦ «ነፍስ ይማር» ብሎ።

አሰገደች፦ የገደሉት እሳቸው! ለምን ቆርጠህ አልጣልከውም?

ምንተስኖት፦ ሌላ ቀረጻ የለኝማ። ካሜራው የኪራይ ነበር፤ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ «መልሱልኝ» እያለ ነው የጨረስነው።

አሰገደች፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አንተ አፍሰህ ሳትለቅም ወደኔ አመጣኸው።

ምንተስኖት፦ ያጥፉት! እባክዎ!

አሰገደች፦ እሺ ስማኝ። ቆጣሪው ይኸው፣ እጄም ይኸው። ላጥፋው ካልክ አጠፋዋለሁ፤ ፊልምህም እዚሁ ያበቃል። ነገ ሌላ አስገባለሁ። ካላጠፋሁት ግን ኮምቦልቻ ያለው ባለ ሲኒማ ደውሎልኛል፤ «ያን ሽማግሌው ገዳይ ያለበትን ኮሜዲ ላኪልኝ» ብሏል።

ምንተስኖት፦ ኮሜዲ አይደለም!

አሰገደች፦ ከነገ ጀምሮ ነው። ፖስተሩ ላይ ያለውን ቢላዋ እናወጣና የአባትህን ፊት እናገዝፈዋለን። «ሆድዎን ይዘው ይምጡ» ብለን እንጽፍበታለን።

ምንተስኖት፦ አባዬ በዚህ ከተማ እንዴት ብሎ ይሄዳል?

አሰገደች፦ እንደ እስካሁኑ፣ በእግራቸው። ልጆች ከኋላ ይከተሏቸው ይሆናል፤ እሳቸው ደግሞ ልጅ ለምደዋል።

ምንተስኖት፦ ጨካኝ ነዎት።

አሰገደች፦ ነኝ። አንተ ግን ምን ነበር የፈለግከው? ስምህን ሰው እንዲያውቀው አይደል? ያን ሁሉ ጊዜ ጫማህ እስኪያልቅ በየቢሮው የዞርከው ለዚህ አይደል? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።

ምንተስኖት፦ አባቴን መሳቂያ አድርጌ አይደለማ የፈለግኩት!

አሰገደች፦ ሰማህ? ጣሪያው ሊነሳ ነው። ሬሳው ጋ ደረሱ።

ምንተስኖት፦ አባዬስ? እኔ ማየት አልችልም፤ እርስዎ ይዩልኝ።

አሰገደች፦ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ቆይ… ሰዉ አወቃቸው። ፊቱን ከሸራው እያዞረ ወደሳቸው ያጨበጭባል። ያፏጫል። «ነፍስ ይማር! ነፍስ ይማር!» ይሏቸዋል።

ምንተስኖት፦ ጓደኞቹ ዝም ይላሉ?

አሰገደች፦ ጓደኞቻቸውማ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አሁን ደግሞ ሰዉ ሌላ ነገር ይጮሃል፤ ይሰማሃል?

ምንተስኖት፦ ምንድን ነው የሚሉት?

አሰገደች፦ «ዳይሬክተሩ የታለ? ዳይሬክተሩ ይውጣልን!»

ምንተስኖት፦ እኔን?

አሰገደች፦ ሌላ ማን አለ? … ወይኔ። ተነሡ።

ምንተስኖት፦ ማን?

አሰገደች፦ አባትህ ናቸዋ። መነጽራቸውን አውልቀዋል። ያለቅሳሉ መሰለኝ፣ ምንተስኖት። ሰዉን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ ያልፋሉ፤ ሰዉ ደግሞ ፊልሙን የደገሙለት መስሎት ይብሱን ይስቃል።

ምንተስኖት፦ እውነት ያለቅሳል?

አሰገደች፦ እኔ እንኳ ይሄን አልፈለግኩም። ክፉ ነኝ፣ ግን እዚህ ድረስ አይደለም። ቆጣሪውን ላጥፋውና በጨለማ ይውጡ፤ አንተ ሩጥና በጓሮ በር አውጣቸው። ኮምቦልቻም ገደል ይግባ።

ምንተስኖት፦ ይቆዩ።

አሰገደች፦ ምን ልቆይ? በር ጋ ሊደርሱ እኮ ነው!

ምንተስኖት፦ ኮምቦልቻ ብቻ ነው የደወለው?

አሰገደች፦ ወልዲያም ደውሏል። አንተ ልጅ፣ አባትህ ናቸው የምልህ!

ምንተስኖት፦ ሰምቻለሁ። የሚወጣው በፊት ለፊቱ በር ነው?

አሰገደች፦ አዎ፤ እነዚያ አስተያየት የሚቀርጹ ጓደኞችህ ማይክ ይዘው በቆሙበት።

ምንተስኖት፦ እጅዎን ከቆጣሪው ያንሡ። ለጓደኞቼ ልደውልና እንባውን ሳይጠርግ «ፊልሙን እንዴት አገኙት?» ብለው ይጠይቁት።