እጃቸው የማያሳምመው መርማሪ

በጃፓኗ ሃጊ ከተማ አርባ ዓመት ደም የመረመሩትን ሽማግሌ፣ ሂሳኖን፣ ሰው ሁሉ «እጃቸው አያሳምምም» ይላቸው ነበር። ምስጢሩ ሌላ አይደለም፤ ደም ከመቅዳታቸው በፊት ቦታውን በማደንዘዣ ይወጉታል። አንድ ማለዳ ከክሊኒኩ በር ላይ የቀድሞ ተማሪያቸውን ሪትሱኮን ድንገት አገኟት። እሷም ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የደም ሴል አጥኚ ናት።

«እሰይ! አለሽ እንዴ አንቺ ልጅ?» ብለው ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰዷት። «በይ እስቲ፣ እዪልኝ።»

ሪትሱኮ ጎንበስ ብላ አየች። ቀዮቹ ሴሎች ባንድ ጎናቸው ጎድጉደው የሩዝ ሳህን መስለዋል።

«የዓሣ አጥማጁ ልጅ የቺናሚ ደም ነው። ሴሏ እንዲህ መጎድጎዱ በዘር የሚወርድ ሕመም እንዳለባት ያሳያል። የእጮኛዋ ወላጆች የጤና ወረቀቷን እየጠበቁ ስለሆነ ማኅተሜን ልመታበት ነው።»

«ሠርጉ ይፈርሳላ!»

«ምን ላድርግ? በዚህ ነገር ለገዛ ልጄ እንኳ አላዳላሁም።»

«መምህር፣ አይቆጡኝና፣ ክንዷን አደንዝዘው ነበር?»

«ታዲያ ላስለቅሳት ኖሯል?»

«እንግዲያው ጥፋቱ የማደንዘዣው ሊሆን ይችላል። የሴሉ ሽፋን ሁለት ንብርብር ነው። መድኃኒቱ ውስጠኛውን ሲያሰፋው ሴሉ ይጎደጉዳል።»

«ጉድ እኮ ነው! ለነርቭ የተሰጠ መድኃኒት ከደም ምን አገናኘው? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ትዕቢታቸው ከደግነታቸው ጋር ተጣብቆ ነበርና አንዱ ሲነካ ሁለቱም ያማቸዋል።

«ደሙን አጥበው ይዩት» አለች ሪትሱኮ በትሕትና። «መድኃኒቱ ያመጣው ከሆነ ታጥቦ ይለቃል። የዘር ከሆነ ግን አይለቅም።»

ሂሳኖ እያጉረመረሙ የተረፈውን ደም በጨው ውሃ ሦስት ጊዜ አጠቡት። ሲያዩት ሳህኖቹ ጠፍተዋል፤ ሴሎቹ ክብ ሆነዋል። ይህም አላሳመናቸውም። ቺናሚን አስጠርተው ከሌላው ክንዷ ያለ ማደንዘዣ ቀዱ።

«ኧረ አመመኝ!» ብላ ጮኸች። ያም ደም ጤነኛ ነበር።

ሽማግሌው ወረቀቱን ቀደዱት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በክሊኒኩ ምን መድኃኒት እንደተሰጠ ሳይጠየቅ ደም አይቀዳም፤ ከደነዘዘ ቦታም አይወሰድም፤ ቅርጹ የሚያጠራጥር ደም ታጥቦ ዳግም ሳይታይ ማኅተም አይመታበትም። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለአፍታ ያሳምም ይሆናል፤ ብዙ ትዳር ግን ያድናል።

ሪትሱኮ ልትሄድ ስትነሣ ሂሳኖ ማኅተማቸውን በእጃቸው እንደጨበጡ ቀሩ።

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የልጄን እጮኛ ደም ያየሁት እኔ ነበርኩ» አሉ። «ጎድጓዳ ነው ብዬ እንዲተዋት አደረግሁ። ልጄ እስከ ዛሬ ብቻውን ነው።»

«እሷንም አደንዝዘዋት ነበር?»

«እሷም በእጄ አላለቀሰችም» አሉና ለልጃቸው ሊደውሉ ስልኩን አነሡ።