ታታሪው ካርድና ቅልቅሉ

አቶ ገብረየሱስ በልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ሠላሳ ዓመት ሰነድ ሲተረጉሙ የእንግሊዝኛ ቃል አሸነፈኝ ብለው አያውቁም። ያን ቀን ግን መብራት የጠፋው ሁለት ገጽ ሲቀራቸው ነው። ሰነዱ ወይዘሮ ዙሃራ የሟች እህቷን ልጅ እንድታሳድግ የውጭ አገር ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነበር። ትርጉሙ ስምንት ሰዓት ላይ ችሎት ካልቀረበ ቀጠሮው ይተላለፋል፤ ልጅቷም ዘንድሮ ትምህርት ቤት አትገባም። ዙሃራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። ላፕቶፑ በባትሪ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

በዚህ መሃል ዝናብ ያባረራት አንዲት ወጣት በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እስኪያባራ ልጠለል?»

«ግቢ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ!»

ኪያ ትባላለች፤ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ገና ሳትቀመጥ ጩኸቱ ጆሮዋን ሳበው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን ቢያሠሩት ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«ትርጉም ነዋ!»

«ለትርጉም ብቻ? ስክሪኑ ላይ ምስል ከሚሠሩት ግራፊክስ ካርዶች የትኛውን ነው የሚጠቀሙት?»

አቶ ገብረየሱስ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ሁለት አለው። አንዱ ኢንተግሬትድ፣ ማለትም የተቀላቀለ። ቅልቅል ቅቤ ስንቱን እንዳሳመመ ታውቂያለሽ! ሌላው ዴዲኬትድ፣ ታታሪ፣ ራሱን ለሥራ የሰጠ። እኔም ሁልጊዜ ታታሪው ብቻ እንዲሠራ አዘዝኩ። ታታሪ እያለ በሰነፍ ማሠራት ምን ይሉታል?»

ኪያ ሳቋን ዋጠችው። «ጋሼ፣ እርስዎ የቃል ባለሙያ ነዎትና ይፍረዱ። መንገድ ላይ ‹ዴዲኬትድ ሌን› የሚል ቢያጋጥምዎ ‹ታታሪ መንገድ› ብለው ይተረጉሙታል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ለአውቶብስ ብቻ የተለየ...» አሉና ወደ ላፕቶፑ ዞር አሉ።

በአቶ ገብረየሱስ መሳቅ ቀላል ነው፤ ግን ስንቶቻችን ነን የማናውቀውን ነገር በምናውቀው ቃል የፈረድንበት?

«ልክ ብለዋል» አለች ኪያ። «እሱ ለከባድ ሥራ የተለየ ነው፤ ለፊልም፣ ለጌም፣ ለሕንፃ ዲዛይን። ኢንተግሬትዱ ደግሞ ከኮምፒውተሩ አንጎል፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር በአንድ ቤት አብሮ የተሠራ ነው፤ ለጽሑፍ ይበቃል፣ ባትሪም ይቆጥባል። እርስዎ አንድ ደብዳቤ ለማድረስ ገልባጭ መኪና እያስነሱ ነው።»

«ፊደሉ ቢፈዝስ? ችሎት የሚገባ ሰነድ እኮ ነው!»

«አንድም ፊደል አይለወጥም።»

ዙሃራ ትዕግሥቷ አለቀ። «ጋሽ ገብረየሱስ፣ ቅልቅልም ይሁን ንጹሕ፣ ወረቀቴን ያድርስልኝ! ባትሪው አሥራ አራት ደቂቃ ይላል!»

ሽማግሌው ተሸነፉ። ኪያ ጽሑፉን ሴቭ አስደርጋ ማስተካከያውን ለወጠችና ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሳችው። ጩኸቱ ጸጥ አለ።

«ሞተ!» አለች ዙሃራ ብድግ ብላ።

«አልሞተም፤ ማጓራቱን ትቶ ነው።»

ስክሪኑ በራ። ባትሪው አሁን አርባ ሁለት ደቂቃ ይላል። አቶ ገብረየሱስ በደስታ እጃቸውን አፋተጉና ትርጉሙን በሠላሳ ደቂቃ ጨረሱ። ጄኔሬተር ያለው ጎረቤት አተመላቸው፤ ማኅተማቸውን መቱበት፤ ዙሃራም በዝናቡ ውስጥ ወደ ችሎት ሮጠች።

«ስለዚህ ታታሪው ከእንግዲህ ሥራ ፈት ነው?» ሲሉ አቶ ገብረየሱስ ኪያን ጠየቋት።

«ከባድ ሥራ ሲመጣ ይቀሰቅሱታል፤ ያኔም ቻርጀሩን ይሰኩ።»

«የወንድሜ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ሊያቀናብር ሲመጣ ማለት ነዋ! እኔ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥራዬ አይቋረጥም፤ ላፕቶፑን የማስቀምጥበት ጉልበቴም በሙቀቱ አይጠበስም። ደንበኛ ሲያናግረኝም እሰማዋለሁ!»

አሥር ሰዓት ላይ ዙሃራ ደወለች። «ጋሽዬ፣ ዳኛዋ ተቀበሉት! ልጅቷ ከዛሬ ጀምሮ በሕግም ቤተኛ ሆነች!»

አቶ ገብረየሱስ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስልኩን ዘግተው የቃላት ደብተራቸውን አወጡና «ታታሪ» የሚለውን በቀይ ሰርዘው «ለአንድ ሥራ የተለየ» ብለው ጻፉ። ከዚያ ከኢንተግሬትድ ትይዩ ያለውን «ቅልቅል» ሰረዙት። ጥቂት አሰቡና በቦታው አንድ ቃል አሰፈሩ፦ «ቤተኛ»።