ጉሮሮው ውስጥ የቀረችው ጥይት

«ካዝናውን አውጥቻለሁ፤ ባዶ ነው» አልኩና ላሳየው ብዬ አፈሙዙን ወደ አሰልጣኛችን ወደ ኦሞድ እንዳዞርኩ ቃታውን ልስብ ስል፣ እጄን ለቀም አድርጎ ወደ ባሮ ወንዝ ዳር አሸዋ ጠመዘዘው። ሽጉጡ ጮኸ።

ጋምቤላ ክልል ሆና ለእኛ ለዘበኞች አዲስ ሽጉጥ የታደለን ሰሞን ነው። ዕድሜ ልኬን የያዝኩት ሪቮልቨር ሆዱን ሲከፍቱት ስድስቱንም ጥይት ያሳያል፤ አይደብቅም። ይሄኛው ለካ ካዝናው ወጥቶም አንዲት ጥይት ጉሮሮው ውስጥ ያስቀራል። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ልገድልህ ነበር እኮ፣ ልጄ። ይቅርብኝ፤ የድሮዬን መልሱልኝ» አልኩት።

ኦሞድ የሽጉጡን ጉሮሮ በጣቱ ጭምር ፈትሾ መልሶ መዳፌ ላይ አኖረውና እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜን ልክ እንደዚህ ሳያውቅ የገደለው የሚወደው ጓደኛው ነው፣ አባባ። ጓደኛውን ሽጉጥ ያስተማረው ሰው አልነበረም። ይያዙት፤ ከመጀመሪያው እንጀምር።»