በመልአኩ ስም የተያዘ ዘበኛ

ቡራዩ ውስጥ የምጠብቀው ያላለቀ ፎቅ አናት ላይ ሁለት ጭልፊቶች፣ ወንድና ሴት፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ጫጩት ፈለፈሉ። እኔም ቀን ቀን ሥራ ስለማይበዛብኝ ሲወጡ ሲገቡ እያየሁ እውላለሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ እያለቀሱ መጡ። ቤተክርስቲያን ደጅ ስንዴ የሚበትኑላትን ነጭ እርግብ ጭልፊቱ ከፊታቸው ላፍ አድርጓት ሄዷል።

«ታዴ፣ ጫጩቶቻቸውን ወርውረህ ጣልልኝ! በገብርኤል ይዤሃለሁ!» አሉኝ።

በመልአኩ ስም ከተያዝኩ እንዴት እንቢ እላለሁ? ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ ጫጩቶቹን ከልላቸዋለች። ስታየኝ ጮኸች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። እጄ አልነሣልህ አለኝና ወረድኩ።

«ጣልካቸው?»

«አዴ፣ እኔም በገብርኤል ይዤዎታለሁ። ወጥተው ይዩና ያኔ ይዘዙኝ።»

«በዚህ ጉልበቴ? አንተ ተንኮለኛ!» እያሉ ግድግዳ ተደግፈው ወጡ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ወንዱ እርግቧን አምጥቶ ጣለ፤ እናቲቱ ሥጋውን እየቆነጠረች ጫጩቶቹን ታጎርስ ጀመር። አንድ ነጭ ላባ በነፋስ እየተንከባለለ እግራቸው ሥር መጣ። አዴ ጎንበስ ብለው አነሡት።

«የኔዋ ናት» አሉ። ላባውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና፣ «ፈትቼሃለሁ፣ ተዋቸው» አሉኝ።

ማታ ለጸሎት ስቆም ግራ ገባኝ። እርግቦቹን ጠብቅ ብል ጫጩቶቹ ይራባሉ፤ ጫጩቶቹን አጥግብ ብል አዴ ጫልቱ ያለቅሳሉ። «ሁለቱንም የፈጠርክ አንተ ታውቃለህ» ብዬ አማተብኩ።