ስሙን ስትጠራው

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሺሺንዳ ወደ ቦንጋ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ልጅ ያቀፈች ወጣት እናትና አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል።

«አንተ፣ ኮራህብኝ እንዴ?» አሉት ሴትየዋ ልጁን፣ ደጋግመው ቢጠሩት አልዞር ሲላቸው።

«ለእኔም እንደዚሁ ነው፣ እትዬ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።»

«የጤና ኤክስቴንሽኗ ሰፈራችሁ መጥታ ልጆቹን አላየችም?»

«አይታለች። ስትጠሪው ይዞራል? ከልጆች ጋር ይጫወታል? ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ከቦን፣ አማቴም አጠገቤ ቆመው! ሁሉንም አዎ አልኩ።»

«ውይ ልጄ! እሷስ?»

«ጎበዝ እናት ብላ አስጨበጨበችልኝ።»

«አሁንስ ወዴት ነሽ?»

«ሆስፒታል። ለባሌ ገበያ ነው ያልኩት።»

«እዚያም ያንኑ ነው የሚጠይቁሽ።»

«እዚያ የሚያውቀኝ የለም።»

መናኸሪያ ስንደርስ እናቱ ልጁን በስሙ ደጋግማ ጠራችው፤ የዞርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።